የወስፌ ክስ

ወስፌ ከግድግዳው ማዶ ስትጮኽ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጩኸት ለማለት እንኳ አይመችም፤ ድምፅዋ በሦስተኛው ቀን ተዘግቶ፣ አሁን የሚሰማው ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ዓይነት ነገር ነው። ሲጢጥ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሲጢጥ ይላል። የቀበሌ ቤት ግድግዳ ምርጊቱ ስስ ነውና ልብስ ሰፊው ይርሳው መኪናውን እየረገጠ ሱሪ ሲያሳጥርም፣ ምሳውን ሲጎርስም፣ ጠዋት ለጸሎት ሲቆምም ይህች ሲጢጥታ አብራው ትውላለች። ወስፌ የጎረቤቱ የወይዘሮ አስካለ ማርያም ድመት ናት። ቀጭንና ሹል ስለሆነች ነው አሮጊቷ በስፌት መስፊያው በወስፌ የሰየሟት። ጌሾ በሚታሰርበት ገመድ ከቤቷ ምሰሶ ጋር የተጠፈረችው በሌብነት ተከሳ ነው። ከሳሿም ሌላ አይደለም፤ ራሱ ይርሳው ነው።

ክሱን ያቀረበው በሚያዝያ መድኃኔዓለም ማኅበር ላይ ነበር። ከፋሲካ ቅርጫ የተረፈችው ቋንጣ ከስፌት መኪናው በላይ ከተወጠረችው ገመድ ላይ ድንገት ጠፋች። ቋንጣዋ ብትመዘን ግማሽ ኪሎ አትሞላም፤ ይርሳው ግን ጽዋውን እንደያዘ ተነሥቶ ሲናገር፣ መጀመሪያ አንድ ኪሎ፣ ጥቂት ቆይቶ ሁለት ኪሎ፣ ጠላው ለሦስተኛ ጊዜ ሲዞር ደግሞ ለልጅ ማጫ የሚበቃ ሥጋ ሆነች። ከፍኖተ ሰላም እስከ ደምበጫ እንደሱ ያለ ተናጋሪ እንደሌለ እሱ ራሱ ይመሰክራል። «ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ» ብሎ ጀምሮ፣ የወስፌን እናት፣ የወስፌን አያት፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሌቦች አደረጋቸው። አስካለ ማርያም የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያየ ሰው አለ ወይ? ይርሳው ደረቱን ነፋ አድርጎ እኔ ያላየሁትን ተናግሬ አላውቅም አለ። ይህችን አባባሉንም አላያትም ነበር፤ እንዲያው ከአፉ ስትወጣ ነው የሰማት። ማኅበርተኛው ጠላውም ጨዋታውም ጥሞት ስለነበር ብዙ አላመነታም። ወይ ሥጋው ይከፈል፣ ወይ ድመቷ ትታሰር ተባለ። ጌሾ በእስር በእስር እየቸረቸረች የምትኖር አሮጊት ለልጅ ማጫ የሚበቃ ሥጋ ከየት ታምጣ? ወስፌ ታሰረች።

በሦስተኛው ቀን ይርሳው የካኪ ቁራጭ ፍለጋ የእራፊ ሣጥኑን ሲበረብር፣ ከታች ከሽርክቱ መሀል ጫፍ ጫፏ የታኘከ ቋንጣ ከነማንጠልጠያ ክሯ አገኘ። ያ ሣጥን የፊታውራሪ አልጋ ነው። ፊታውራሪ የይርሳው የገዛ ድመቱ ነው፤ አንገቱና ወገቡ ተለይተው የማይታወቁ፣ ሲራመድ ሆዱ መሬት የሚጠርግ፣ ይርሳው ራሱ ማዕረግ የሰጠው ወንድ ድመት። ከሳሽና ሌባ ተያዩ። ያፈረው ግን አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌላው አዛጋ። ይርሳው ቋንጣዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሽንት ቤት ጣላት። ሲመለስ ሚስቱ አቻምየለሽ የእጅ መታጠቢያ ሳህን ይዛ በራፉ ላይ ቆማለች። ጋዜጣውን ይዞ ሲሄድ አይታለች፤ ባዶ እጁን ሲመለስም አይታለች። እጁን አስታጠበችው፣ ምሳውን አቀረበች፣ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስለ ድመት፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ ጋዜጣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ይርሳው በሃያ ሁለት ዓመት ትዳሩ ብዙ ስድብ ጠጥቷል፤ እንደዚህ ዝምታ ያለ መራራ ነገር ግን ቀምሶ አያውቅም።

ይህም ባልከፋ። የባሰው ከአምስተኛው ቀን በኋላ መጣ። አይጦች ተመለሱ። ዓቢይ ጾምን ሙሉ በይርሳው ቤት አይጥ ዝር ብሎ አያውቅም ነበር፤ ይርሳውም በረንዳው ላይ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሁሉ ፊታውራሪ በአንድ ሌሊት አሥራ ሰባት አይጥ ይገድላል እያለ ሲያወራ ከርሟል። አንዳንድ ቀና ሰው ግን እኔስ አይጥ ይዛ በመስኮትህ ስትወጣ ያየሁት የአስካለ ማርያምን ድመት ነው ሲለው፣ ይርሳው ሳያፍር የጦር ሜዳ ሥርዓት እንደዚያ ነው፣ ፊታውራሪ ይገድላል፣ እሷ ሬሳ ታወጣለች ይል ነበር። እነሆ ሬሳ አውጪዋ ከታሰረች በኋላ ገዳዩ ከእራፊ ሣጥኑ ንቅንቅ አልል አለና አይጦቹ የሚዜ ሱሪ መቀመጫው ላይ በሉ። ይርሳው ሱሪውን በጥበቡ ጠቅሞ ሰጠ፤ ሚዜውም እስኪቀመጥ ድረስ ደስ ብሎት ሄደ።

ትናንት ዓርብ ደግሞ መልካሙ የሚባል የእህቱ የንግሥቴ ጎረቤት፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመዱን ጠይቆ ሲመለስ በረንዳው ላይ ቆመ። ንግሥቴ ከቡሬ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ አገር የምትኖር ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። መልእክቷ አጭር ነበር። አይጥ ቤቱን ወርሶታል፤ መርዝ ቢያስቀምጡ ሁለት ዶሮ ፈጀ፣ መርዝ የበላውን አይጥ የበላች ድመታቸውም ሞተች፤ አሁን የዘር በቆሎው ስልቻ ውስጥ ገብተዋል። ዝናቡ ጥሏል፣ ማክሰኞ ይዘራል። በፋሲካ መጥተህ ያወራህልንን ያንን ድመትህን ይዘህ ድረስልን። መልካሙም በራሱ በኩል ጨመረበት፤ አገሩ ሁሉ ፊታውራሪን ለማየት እየጠበቀ ነው አለው።

እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ይርሳው የሚሊኒየሙን ቆብ ደፍቶ፣ ዘንቢል ይዞ ፊታውራሪን ከሣጥኑ ያወጣው ጀመር። ድመቱ ግማሹ ዘንቢል ሲገባ ግማሹ ውጭ ይቀራል፤ ያኛው ግማሽ ሲገባ ይኸኛው ይፈሳል። አቻምየለሽ በራፉን ተደግፋ ይህን ትዕይንት አየች፤ ዘጠኝ ቀን የቋጠረችውን ዝምታም በአንዲት ጥያቄ ፈታችው።

«ዘሩን ነው የምታድነው ስምህን?»

ይርሳው ሊመልስ አፉን ከፈተ። እንደከፈተው ቀረ። ባለ አፍነቱ እንደዚህ ከድቶት የሚያውቀው አንዴ፣ ግብር ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው። ፊታውራሪን ወደ ሣጥኑ መለሰና ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ግድግዳውን ዞረ።

የአስካለ ማርያም ቤት አንድ ክፍል ናት። ግማሿን ጌሾ ይዞታል፤ ግማሿ ላይ መደብ፣ ሁለት በርጩማ፣ የደብረ ዘይት በዓል ዕለት የተገዛች የማርያም ሥዕልና አንዲት ምሰሶ አለች። ምሰሶዋ ሥር ወስፌ ተኝታለች። ገመዱ አንገቷን ልጦ ፀጉሯ ሄዷል። ይርሳው ከገባ በኋላ እንዴት አደሩ፣ ጤናዎስ እንዴት ነው፣ ጌሾው ገበያው እንዴት ነው፣ ዝናቡስ ቢባል ቢባል ወሬው አለቀበት። አሮጊቷ ጌሾውን እየመለመሉ ለሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን አሉት። ገበያው እስሩ ሁለት ብር ነው፣ ዝናቡም መልካም ነው፣ ጤናም አለ። በመጨረሻ ይርሳው ስለ እህቱ ዘር ነገራቸው፤ ይህን ሲነግራቸው አንድም አልጨመረበት፤ አሮጊቷም ንግሥቴን አውቃታለሁ አሉ፤ በአንድ ወቅት የግሽ ዓባይ ጠበል መንገድ ላይ ስንቅ ተካፍለናል። ከዚያ እጃቸውን ከጌሾው አንሥተው አዩት።

«ለዛሬ ውሰዳት፤ ሳይመሽ ትመልሳታለህ። ለእህትህ ዘር ስል ነው። ግን አያ ይርሳው፣ እዚያ ቤት ምን ብለህ ነው የምታስገባት?»

መልሱን አልጠበቁም። ገመዱን ግን እሳቸው አልፈቱም፤ ያሳሰርክ አንተ ነህ ብለው ወደ ጌሾአቸው ተመለሱ። ይርሳው ተንበርክኮ አሥራ ሁለት ቀን የጠበቀ ቋጠሮ ሲፈታ ወስፌ እጁን ከአውራ ጣት እስከ አንጓ ድረስ በአራት መስመር ጻፈችበት። ሰባት ጊዜ ወግታኛለች ሊል ነበር፤ ማን ይሰማዋል ብሎ ተወው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ዘንቢሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ታሪፉ ዘጠኝ ብር ነው፤ ረዳቱ ዘንቢሉን ገለጥ አድርጎ አየና ጭን ላይ ከሆነች በነፃ ናት አለ። ከጎኑ የተቀመጠ ነጋዴ ጤፍ ስምንት መቶ ገባ እያለ ያማርራል፤ ከኋላ ያለች ሴት ዘይት እንደ ሽቶ በብልቃጥ ሊሸጥ ነው ትላለች። ይርሳው ማንኩሳ ከተማ እስኪደርስ ድረስ ዝም አለ። ማንኩሳ ላይ ነጋዴው ይቺ ከሲታ ምን ትሠራለች ብሎ ዘንቢሉን ሲጠቁም ግን ቆሽቱ አረረ። ከሲታ? ይቺ እኮ ፊታውራሪ ናት አለ። ቃሏ ከወጣች በኋላ ሊመልሳት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ነጋዴው ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሴትዮዋም ከኋላ አንገቷን አስግጋ መስማት ጀመሩ፤ የሚሰማ ጆሮ እያየ ይርሳው ዝም ማለት እንዴት ይችላል? ቡሬ ሲወርዱ በአንድ ሌሊት የምትገድለው አይጥ ሃያ ስድስት ደርሶ ነበር። እግረ መንገዱን ሲያስበው ስሙን መቀየሩ ትንሽ ነገር ነው። ዋናው ዘሩ ይዳን እንጂ የገዳይ ስም ለአይጥ ምኗ ነው?

የእህቱ ቤት ሲደርስ ስድስት ሰው በረቱ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል፤ ይርሳው በኋላ ሲያወራው ስልሳ ብሎታል። የንግሥቴ ባል እጅጉ፣ በዓመት አሥር ቃል የሚናገር ገበሬ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ዘንቢሉን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀበለው። ንግሥቴ ወንድሟን ጉንጩን ስማ፣ ስማ፣ ዘንቢሉን ገለጠች። ወስፌም ቀና ብላ አየቻት።

«ወንድምዓለም፣ ፊታውራሪ ወንድ ነው ብለኸን አልነበር?»

«ማዕረግ ፆታ የለውም እታለም።»

መልካሙ ሳቀ። ክሳቷስ? ከሥራ ብዛት ነው አለ ይርሳው። አንገቷስ ምን ላጠው? የማዕረግ ክር ታስሮላት ነበር አለ። ይህችኛዋን ሲናገር ድምፁ ትንሽ ሰለለ፤ ማንም አላስተዋለም፤ ንግሥቴ ብቻ የድመቷን አንገት በጣቷ ዳሰሰችና እጇን ወደ ነጠላዋ መለሰች።

ነገሩ የተበላሸው በደግነት ነው። ጎጃሜ ደግሞ እንግዳ ተቀብሎ ባዶ አፉን ሥራ ማስጀመር አይሆንለትም፤ እንግዳውም ድመት ቢሆን ያው እንግዳ ነው። እጅጉ አሁን የታለበ ወተት በጣባ ሞልቶ ወስፌ ፊት አስቀመጠ። የጠገበ ድመት አይጥ እንደማያሳድድ ከፊታውራሪ በላይ ይርሳውን ማን ያስተምረዋል? ተዉ፣ ሳትሠራ አትበላም፣ ልማዷ ነው፣ ጦመኛ ናት ብሎ ሊከላከል ሞከረ። እጅጉ ከዓመቱ አሥር ቃል አንዱን አወጣ። በበዓለ ሃምሳ? አለ። እውነቱን ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ካህኑ እንኳ የማይጾመውን ለድመት ማን ይፈቅዳል? አሥራ ሁለት ቀን በገመድ ላይ ትርፍራፊ ስትቀምስ የከረመችው ወስፌ አንዱን ጣባ ጨረሰች፤ ሁለተኛው መጣ፤ እሱንም ጨረሰች። ከዚያ አፏን በመዳፏ አብሳ፣ መደቡ ላይ ከይርሳው ጋቢ ጫፍ ላይ ወጣችና ጥቅልል ብላ ተኛች።

ተኛች ማለት ተኛች። ስድስቱ ሰዎች ከመደቡ ዙሪያ ቆመው አዩዋት። ይርሳው ጦርነት ከመግባቷ በፊት እንዲህ ታርፋለች አለ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ዕቅድ እያወጣች ነው አለ። አንድ ሰዓት አለፈ። እንጀራ ቀረበ፣ ተበላ፤ ጠላ ቀረበ፣ ተጠጣ፤ ይርሳው የደምበጫን አይጦች እንዴት እንደፈጀች፣ የዞኑ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል በደብዳቤ እንደጠየቃት፣ በመኪና ተልኮላት እንደሄደች አወራ። ወስፌ በእንቅልፏ ጆሮዋን ነቅነቅ ባደረገች ቁጥር ሰዉ ይነሣል፤ መልሳ ስትተኛ ይቀመጣል። በስምንት ሰዓት ግድም ሰዉ ማዛጋት ጀመረ፤ መልካሙም ኧረ ይቺስ አይጥ ብትረግጣት አትነቃም ብሎ አንሾካሾከ፤ ሳቅ በቤቱ ዞረ።

ንግሥቴ ግን አልሳቀችም። ወንድሟን በዓይኗ ጠርታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ከጎታው ጥግ የቆመውን ስልቻ አሳየችው። የፍየል ቆዳው ከታች ተበስቷል፤ በቀዳዳው እጇን ከታ ስታወጣው መዳፏ ላይ ያለው ግማሹ ዘር ግማሹ ገለባ ነበር። ይህን ዘር አምና ከአጨዳው ላይ ራስ ራሱን፣ አንድ በአንድ በእጇ መርጣ ነበር ያስቀመጠችው። ከሦስት እጁ ሁለቱ ሄዷል። የቀረው ለጓሮው ማሳ ይበቃ እንደሆነ ነው። የገበያ በቆሎ ዘር አይሆንም፤ ጎረቤትም የራሱን ቆጥሮ ነው የያዘው።

«ይኸ ካለቀ መሬቱ ጦሙን ያድራል፤ እኛም እንደሱው» አለችው። «እውነት ትገድላለች ወይ? አሁን ንገረኝ። እንጂ ስልቻውን ታቅፌ አድራለሁ።»

ይርሳው ትገድላለች አለ። እህቱ ቤት ከደረሰ ወዲህ ከተናገረው ሁሉ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን የጸሎት ያህል ነው እንጂ የምስክርነት አልነበረም። ተከትሏቸው የገባው እጅጉ ስልቻውን ከጥጉ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ከሥሩ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ኮሽታዋ ከጓዳ ወደ መደቡ ደረሰች። ወስፌ ዓይኗን ገለጠች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይርሳው ዕድሜውን ሙሉ ሲለማመድ ኖሯል፤ ያኔ ግን እንደማንም ቆሞ አየ። ከመደቡ ስትወርድ ድምፅ አልነበራትም። ጓዳው ደፍ ላይ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ቆየች፤ ጭራዋ ጫፏ ብቻ ይላወሳል። ስልቻው እንደገና ነቅነቅ ሲል እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወረወረች፤ ጥላዋን ያየ ሰው የለም፤ ያዩት አፏ ውስጥ የሚንፈራገጥ የጉማሬ ያህል አይጥ ነው። የጉማሬ ያህል ያለው ይርሳው ነው፤ የትልቅ አይጥ ያህል ነበር። ገደለችው፣ ይርሳው እግር ሥር ጣለችው፣ ተመለሰች። ሁለተኛውን ከጎታው ሥር ጎትታ አወጣች። ሦስተኛውን ቆጡ ላይ ተከትላው ወጥታ ከሱ ጋር አቧራና ጥላሸት ይዛ ወረደች። አራት፣ አምስት። ሆዷ ወተት እንደሞላ፣ አንገቷ እንደተላጠ፣ ሳትበላቸው ገደለቻቸው። እጅጉ አምስቱን በጭራቸው ይዞ ከጓዳ ወጣና ለሰዉ አሳየ። መልካሙ ቆቡን አወለቀ። ፊታውራሪ ማለት ይቺ ናት አሉ፤ ለይርሳውም ጠላ ቀዱለት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት። ይርሳው ጠላውን ጨበጠ እንጂ አልጠጣውም።

ንግሥቴ ወስፌን አቅፋ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ጎጆው ውስጥ ገና ጎሬ እንዳለ፣ ልጆቻቸው እንዳሉ፣ ድመቷ ግን እስኪዘራ፣ እስኪበቅልም ብትቆይላት ዘሩ እንደተረፈ ቆጠረችለት። ተውልኝ አለችው። ከሰብሉ አንድ ቁና ጤፍ እልክልሃለሁ፣ ካስፈለገም ጥጃ እሰጥሃለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ለምናው አታውቅም፤ ሰጥታው እንጂ። ስድስቱ ሰዎች ይርሳው እሺ እስኪል ይጠብቃሉ። እሺ ቢል አስካለ ማርያምን ሁለተኛ ጊዜ መዝረፉ ነው፤ የመጀመሪያውን በአፉ፣ ይህኛውን በእጁ።

«የኔ አይደለችም እታለም» አለ። «የጎረቤቴ ናት፤ ለዛሬ ብቻ ነው የሰጡኝ።»

ሰዉ ሳቀ። መልካሙ ጉልበቱን መታ፤ አይ አያ ይርሳው፣ ለመስጠት ሲሆን ድመቷ የጎረቤት ሆነች? አለ። ይርሳው መሐላ ማለ፤ ጭራሽ ሳቁ በረታ። ሚኒባስ ውስጥ፣ በረቱ አጠገብ፣ እንጀራው ላይ ሁሉ ፊታውራሪ ሲላት ውሎ አሁን ማን ይመነው? ንግሥቴ ግን ፊቷ ከሰመ።

«ሰስተህ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ለኔ ሰስተህ።»

ይህን ይርሳው አልቻለውም። ጠላውን መሬት ላይ አስቀመጠና ጀመረ። ፊታውራሪ አይጥ አይቶ እንደማያውቅ፤ ዓቢይ ጾምን ሙሉ የገደለችው ይቺ ወስፌ እንደሆነች፤ ቋንጣዋ ስትጠፋ በማኅበር ፊት ተነሥቶ በሌብነት እንደከሰሳት፤ አንገቷን የላጠው የማዕረግ ክር ሳይሆን ገመድ እንደሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ቋንጣዋን በገዛ ድመቱ ሣጥን አግኝቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሽንት ቤት ጥሎ፣ ዘጠኝ ቀን ሲጢጥታዋን እየሰማ ሱሪ ሲያሳጥር እንደከረመ። ሳቁ በገመዱ ላይ ቀነሰ፣ በጋዜጣው ላይ ጨርሶ ጠፋ። የሰዉ ዓይን ከይርሳው ላይ ተነሥቶ ወለሉን ያይ ጀመር። እጅጉ አይጦቹን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ንግሥቴ የድመቷን አንገት እንደገና ዳሰሰችው።

«የዋሸኸውን ሁሉ ከልጅነትህ ጀምሬ አውቀዋለሁ» አለች። «በራስህ ላይ ዋሽተህ ግን አታውቅም። ይኸ እውነት ነው።»

ከዚያ ተነሣች። በሐሰት የገባች የሰው ድመት ቤቴ አታድርም፤ ለቀን ተሰጥታሃለች፣ ለቀን ትመለሳለች አለች። ድመቷ ወደ ዘሩ ካልመጣች ዘሩ ወደ ድመቷ ይሄዳል። በስልቻው የቀረውን ዘር ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ገለበጠች፤ ሃያ አምስት ኪሎ ቢሆን ነው፤ አፉን በገመድ አሰረችና ወንድሟ ጀርባ ላይ በገዛ እጇ አስቀመጠችው። ሰኞ እጅጉ መጥቶ ይወስደዋል። እስከዚያ ዘሩ የሚያድረው የድመቷ ባለቤት ቤት ነው፤ ባለቤቷ ከፈቀዱ። እንዲፈቅዱ የሚለምነው ደግሞ ይርሳው ነው። አህያ አልሰጠችውም፤ ሰውም አላስከተለችውም።

ይርሳው ቡሬ ድረስ ያችን አንድ ሰዓት በሁለት ሰዓት ሄዳት። በጀርባው ከረጢት፣ በእጁ ዘንቢል፣ በዘንቢሉ ውስጥ ወስፌ ተኝታለች። ጭቃው ጫማውን ሁለት ጊዜ አወለቀው። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ምን ተሸከምክ ሲለው ዘር ነው ብቻ አለ፤ ከዚህ በላይ ትንፋሽም አልነበረው። ረዳቱ ለከረጢቱ ሦስት ብር አስከፈለው። ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ጋሪ ሊይዝ አሰበና ኪሱን ዳስሶ በእግሩ ገባ።

አስካለ ማርያም በራፋቸው ላይ ጌሾ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሁለት የማኅበር ሴቶች እስሩን እያነሡ እየጣሉ በዋጋ ይከራከራሉ፤ አቻምየለሽም በራሷ በራፍ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ይርሳው ከረጢቱን ደፉ ላይ አወረደ። ወስፌን ከዘንቢሉ ሲያወጣት ወደ ቤቷ ገባች፤ አምስት ገድላለች ብሎ ነገራቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አምስት የሚል ቁጥር ከይርሳው አፍ ሰምተው ስለማያውቁ ገረማቸው መሰለኝ። የእህቱን መልእክት አደረሰ፤ ዘሩ እስከ ሰኞ እርስዎ ዘንድ ይደር አለች። አስካለ ማርያም ከረጢቱን አዩት። ቀጥሎ ሁለቱን ሴቶች አዩ፤ ሴቶቹም ክርክራቸውን አቁመው እያዳመጡ ነው።

«እህትህ ዘሯን ለሌባ አደራ ሰጠች?»

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ይርሳው ግን ከዚህ ጥያቄ ወዲያ በር እንደሌለ ገባው። ወደ ሴቶቹ ዞሮ ቆቡን አወለቀ። ወስፌ ሌባ አይደለችም፤ ሥጋውን የበላው የኔው ድመት ነው፤ አውቄም ዝም አልኩ አለ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አፋቸውን ሲይዙ አየ። ይህን ያህል የሚሰማው ሰው ካገኘ ቆይቷል፤ ልቡ ሞቀ፣ ድምፁም ተከፈተ። እንደኔ ያለ በደለኛ ከደምበጫ እስከ ቡሬ አልተፈጠረም፤ ሥጋው ቋንጣ ብቻ መሰላችሁ፣ ሙሉ ታፋ ነበር፤ እሱን ይዤ ሌሊት በጨረቃ ስሄድ ውሻው ሁሉ እየተከተለኝ፣ ያን ጊዜ ሰማዩም ራሱ…

«አትጨምርበት» አሉት አስካለ ማርያም። «የሆነው ይበቃል። ና፣ በዚያ በኩል ያዝ።»

ከረጢቱን በአንድ ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ በአንድ ጫፍ እሱ ያዘ፤ ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳው ጥግ አቆሙት። ይርሳው ወጥቶ በሴቶቹ መሀል ሲያልፍ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦም ወደ ዋናው መንገድ ብቻ አየ። ሁለቱ ሴቶች ይህን አይተው አቻምየለሽን ወደ አጥሩ ጠሩና አሞታል እንዴ ብለው ጠየቋት።